አንድ ማንኪያ የእንቁላል ነጭ

ዓባይነሽ ሰው ቶሎ አታምንም። ዳቦ ስትገዛ ቀኑን ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር። አውቶቡስ ስትሳፈር ሹፌሩን «በሮቫ አሌፍ ሰፈር ታልፋለህ?» ትለዋለች፤ አዎ ሲላት ደግሞ ከኋላው የተቀመጠውን ሰውዬ «እውነቱን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሥራዋም ይኸው ነው። በአሽዶድ ከተማ፣ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ የሻምፑ ጠርሙስ በፊቷ ሲያልፍ ቆማ ክዳኑ ያልጠበቀውን ትለቅማለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ክዳን ስትጠረጥር የኖረች ሴት ድንገት ተነሥታ ሐኪም እመኚ ቢሏት እንዴት ይሆንላታል?

ያን ቀን ጧት ሰገነቷ ላይ፣ በረዶ በሞላ ሳጥን ውስጥ፣ ሦስት ሊትር የሚይዝ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ውስጡ ያለው የራሷ ሽንት ነው። የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት፣ ጠብታ ሳትቀር። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው ብለዋት ነበር። «ከምግብ ጋር? እናንተ ቤት እንደዚያ ነው የሚደረገው?» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። አሁን በአንድ እጇ የዕቃውን ክዳን ይዛለች፣ በሌላው ማንኪያ። ማንኪያው ላይ የእንቁላል ነጭ አለ።

አላበደችም። ነገሩ ከሥሩ ሲነገር እንዲህ ነው።

የታላቅ ወንድሟ የስዩም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት አራት ሰዓት፣ ዲያሊዛ እሚሉት ማሽን ላይ ተገጥሞ ይውላል፤ ማሽኑ ደሙን ያወጣል፣ ያጥባል፣ ይመልሳል። ድሮ ጠላ ሲቀርብለት ማቆሚያ ያልነበረው ሰው ዛሬ ውኃውን በስኒ እየለካ ይጠጣል። ከሞተ ሰው የሚገኘውን ኩላሊት ለመጠበቅ ደግሞ ወረፋው ዓመታት ነው። ስለዚህ ከቤተሰብ ተፈለገ። ልጆቹ ተመረመሩ፣ አልሆነም። ሚስቱ ስኳር አለባት። ዓባይነሽ ተመረመረች፤ እንደ ድስትና ግጣሙ ልክክ አለ።

ስዩም ይህን ሲሰማ «እኔ ዱሮም አውቄዋለሁ» አላት። «ሱዳን ድረስ በጀርባዬ ተሸክሜሽ ነው ኩላሊቴ የሞተው። ካሳዬን ክፈዪ።»

«ግማሹን መንገድ እየጣልከኝ አልነበር እንዴ የሄድከው፣ ጋሼ?» አለችው።

ሳቁ። በእነሱ ቤት እሺ ማለት እንደዚህ ነው።

አፏ እሺ አለ እንጂ ሆዷ አላለም። ዓባይነሽ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ሳለች ደም ሰጥታ ነበር። ነርሷ ፈገግ ብላ ቀዳቻት፤ ጭማቂና ብስኩት ሰጠቻት፤ ደረቷ ላይ ባለ ልብ ቅርጽ ወረቀት ለጠፈችላት። ዓባይነሽ ያቺን ወረቀት ሳምንት ሙሉ አላነሣቻትም። የሆነ ቦታ አንድ የቆሰለ ልጅ በእኔ ደም ተነሥቶ ይሆናል ትል ነበር። ኋላ ነገሩ በዜና ወጣ። ደም ሰብሳቢዎቹ የኢትዮጵያ ልጆችን ደም ይቀበላሉ፣ ለሰጪው ምንም ሳይሉ ይደፉታል። በሽታ ፈርተን ነው አሉ። ዓባይነሽ ኢየሩሳሌም ለሰልፍ ወጣች፤ ጮኸች፣ በጭስ ዓይኗ ተቃጠለ፣ ተመለሰች። ከመድፋታቸው ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነው። «አንፈልግም ቢሉኝ እሺ» ትላለች እስከ ዛሬ። «ፈገግ ብላ እኮ ነው! ብስኩት አጉርሳ!» ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፈገግ ሲልባት ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

በዚህ ላይ የፎቅ ጎረቤቷ እትዬ እናኑ አሉ። እሳቸው የቀዘቀዘ ነገር አይወዱም፤ እሳት ሲጠፋ እፍ ይላሉ።

«ልጄ፣ ደም እኮ ይተካል» አሏት ደረጃው ላይ አቁመው። «ኩላሊት ከወጣ ወጣ ነው። ወስደው ቢጥሉትስ? አንቺ ተኝተሻል፣ እሱም ተኝቷል፣ ምስክሩ ማን ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«እኔ ምን አልኩ? ጠየቅሁ እንጂ። መጠየቅ ኃጢአት ነው?»

ጠይቀው ገብተው ተኙ። ዓባይነሽ ግን አልተኛችም።

ምርመራውን የምታስተባብረው እዚያው አሽዶድ፣ ዲያሊዛው ያለበት ሕክምና ቤት የምትሠራ ሳሪት የምትባል ነርስ ናት። የሞሮኮ ልጅ፣ ጮክ ብላ የምትስቅ፣ ያገኘችውን ሁሉ «ካፓራ»፣ የኔ ማር እንደማለት፣ እያለች በፍቅር የምትጠራ። ቅጹን አስሞላቻት። ሦስተኛው ጥያቄ «የት ተወለድሽ?» ይላል። ዓባይነሽ ብዕሩን ይዛ ቆየች። ያኔ ደም ስትሰጥም ይህ ጥያቄ ነበር።

ብርቱካናማውን ዕቃ ስትቀበል በዕብራይስጥ ጠየቀቻት። «ከዚህ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ፕሮቲን። እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር በይው። ደኅና ኩላሊት እሱን አያሳልፍም።»

«ካገኛችሁስ?»

«አንቺ ላይ? አንቺ እኮ ፈረስ ነሽ፣ ካፓራ!» አለችና ሳሪት ሳቀች።

ዓባይነሽ ቦርሳዋን ያዘች።

እንግዲህ ወጥመዱ የተፀነሰው እዚያ ላይ ነው። እውነት የሚመረምሩ ከሆነ እንቁላሉን ያገኙታል። ካላገኙት ግን ዕቃውን ተቀብለው፣ ፈገግ ብለው፣ መጸዳጃ ውስጥ ደፍተውታል ማለት ነው። ሽንቷን ያልጠበቀ ሰው ኩላሊቷን ይጠብቃል? አይጠብቅም። ይህን ብላ ነጩን ጨመረች፤ ነቀነቀች፤ ክዳኑን አጠበቀች፤ በዚህስ ባለሙያ ናት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሮቫ ዳሌት ያለው ጤና ጣቢያ ወስዳ አስረከበች። ከተገኘ በኋላስ ምን ይሆናል? እሱን አላሰበችበትም። ብልጥ ሰው አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ብልጠቱ የሚያልቅበት።

አሥር ቀን ዝም አሉ። «ደፍተውታል» አለች ለእትዬ እናኑ። «አላልኩሽም?» አሉ እሳቸው፣ ደስ ብሏቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሳሪት ደወለች። «ነገ ጧት ነይ» አለች። ካፓራ አላለችም።

ዓባይነሽ ስልኩን ዘግታ እልል ልትል ትንሽ ቀራት። አገኙት! መረመሩት! ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛች።

በማግስቱ ሳሪት ወንበር ሳበችላት። ፈገግታ የለም።

«ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን ተገኝቷል፣ ዓባይነሽ። ብዙ። ዶክተሩ ፋይልሽን አቁሞታል፤ ቤተሰቡ ሌላ ሰጪ ይፈልግ ብሏል።»

«እንዴ! እንደገና አይታይም?»

«ይታያል፤ ግን መጀመሪያ ያንቺን ኩላሊት የሚያይ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ያገኘሁልሽ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ለሌሎች ሰጥተውታል። አዝናለሁ።»

እንቁላል ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ከዚያ ሳሪት የምትሰማውን ነገር በሳሪት ጆሮ ሰማችው፦ ሴትዮዋ ሽንቷን አጭበረበረች። ቃሉን ዋጠችው። ተነሥታ ወጣች።

ማታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ተጫነች፤ አብጦ እንደሁ። ሳሪት «ብዙ» ብላለች። አንድ ማንኪያ ይህን ያህል ይበዛል? እንቁላሉ ነው ወይስ እኔው? ሹፌር ጠርጥራለች፣ ዳቦ ጠርጥራለች፣ መንግሥት ጠርጥራለች፤ የገዛ ኩላሊቷን ግን ጠርጥራ አታውቅም ነበር።

ስዩም ደውሎ አጽናናት። «አትዘኚ፣ እኔ ማሽኑን ለምጄዋለሁ። አንቺ ጤናሽን ተከታተዪ።» ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰባት። ብዙም ሳይቆይ መርፌው የሚገባበት የክንዱ ሥር ተደፈነ። ሆስፒታል ወስደው አንገቱ ላይ ቱቦ ተከሉለት። ሚስቱ በስልክ «እንዲህ እየሆነ ስንት ጊዜ ይቀጥላል?» ብላ አለቀሰች። ዓባይነሽ አብራት አለቀሰች፤ የምታለቅሰው ግን ሌላ ልቅሶ ነበር።

ያወጣጣት ልጇ ሺራ ናት። ሺራ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፣ አፏ ግን ሠላሳ።

«ኢማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሰሐን እያጠበች። «ያን ሰሞን ፍሪጅ ውስጥ ስኒ ላይ አስኳል ብቻ ነበር።»

«እና?»

«አንቺ ኬክ አትሠሪም። ፊትሽንም በእንቁላል አትቀቢም። ነጩ የት ሄደ?»

«ፖሊስ ነሽ?»

«ያንቺ ልጅ ነኝ። ደግሞ ባዮሎጂ ክፍል ስለ ኩላሊት ተማርን። መምህሩ ፕሮቲን ሲል ምን ምሳሌ ሰጠ መሰለሽ?»

ዓባይነሽ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ነገረቻት፤ ከደሙ እስከ ማንኪያው። ሺራ መጀመሪያ ሳቀች፣ እጇ ላይ ያለው አረፋ እስኪረግፍ። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ።

«አጎቴ ስዩም አንገቱን ተበስቶ ተኝቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ውሸታም ይሉኛል።»

«ይበሉሻ! ዋሽተሽ የለ?»

«እናትሽን ነው እንዲህ የምትዪው?»

«አንቺን አይደለም፤ ሽንትሽን ነው። እሱ ነው የዋሸው። አንቺ ሄደሽ እውነቱን ተናገሪለት።»

በማግስቱ ዓባይነሽ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሳሪት ቢሮ ገባች፤ ሳትቀመጥ ተናገረች። እንቁላል ነበር። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንድ ማንኪያ።

ሳሪት አልጮኸችም። ተነሣች፣ በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የምንነጋገረው ከዚህ በር አይወጣም። መስጠት አትፈልጊም፣ አይደል?»

«ምን?»

«ነውር የለውም። ብዙ ሰው ቤተሰቡን አፍሮ እሺ ይላል፣ ከዚያ መውጫ ይፈልጋል። አንዷ ደም ግፊቷ እንዲወጣ ስድስት ኩባያ ቡና ጠጥታ መጣችልኝ። ገባን፣ ጻፍንላት። ላንቺማ ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል።» ከፋይሉ አወጣችው። «‹በጤና ምክንያት መስጠት አልቻለችም› ነው የሚለው። እንቁላሉን እኔ አልሰማሁም። ወንድምሽ አያውቅም። ማንም አያውቅም።»

ዓባይነሽ ወረቀቱን አየችው። ማኅተም አለው። እውነቱን ለመናገር አማራት። ይህን ወረቀት ተቀብላ ብትወጣ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሆዷ ውስጥ አሉ፣ ማንም አይወቅሳትም፣ ስዩም ራሱ ያጽናናታል። ወዲያው ደግሞ የድሮው ጥርጣሬ ብድግ አለ፦ ይኸው! ወረቀቱን ማን ቀድማችሁ አዘጋጁ አላችሁ? ከእኔ ላለመቀበል ሰበብ አገኛችሁ! ፍርሃቱ የቱ እንደሆነ፣ ጥርጣሬው የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት። ምናልባት ሁልጊዜም አንድ ላይ ነበሩ።

ወረቀቱን ወደ ሳሪት ገፋችው።

«መውጫ አልፈለግሁም» አለች። «ትደፉት እንደሆነ ማየት ነው የፈለግሁ።»

«ምኑን?»

ስለ ደሙ ነገረቻት። ስለ ነርሷ ፈገግታ፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ልብ ቅርጹ ወረቀት። ሳሪት እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ወታደር ነበርኩ።»

ሳሪት ቀና ብላ ዓባይነሽን ቁልጭ ባለ ዓይን አየቻት። ዓባይነሽ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ በመስተዋት ውስጥ ስንቴ አይታዋለች።

«እሺ» አለች ሳሪት። «አሁን አምኜሽ ሌላ ዕቃ ብሰጥሽ፣ ምንም እንደማትጨምሪበት በምን አውቃለሁ?»

ዓባይነሽ ሴትዮዋን የወደደቻት እዚህ ላይ ነው።

«አታውቂም» አለቻት። «ቆመሽ ጠብቂኝ።»

ዶክተሩ እንቁላሉን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ በቅድመ ሁኔታ ተስማማ። ሦስት ጧት እየመጣች ሽንቷን እዚያው ትሰጣለች፤ ሳሪት በሩ ላይ ትቆማለች። ዓባይነሽም የራሷን ቅድመ ሁኔታ አቀረበች፦ የእኔን ዕቃ እኔም እጠብቃለሁ።

«ቧንቧውን አትክፈቺ» ትላታለች ሳሪት በበሩ ስንጥቅ። «ድምፁን መስማት አለብኝ።»

«አንቺ ስታወሪ እንዴት ይመጣል? ዝም በይ!»

«ዝም ካልኩ ማንኪያ ታወጫለሽ።»

«ኪሴን ፈትሽው እንግዲህ!»

«ፈትሻለሁ፣ ካፓራ። ትናንትም ፈትሻለሁ።»

ከዚያ ተራው የዓባይነሽ ነው። ሳሪት ስሟን ስትለጥፍ ፊደል በፊደል ታነባለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች፣ ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ሹፌር እስኪመጣ ፍሪጁ አጠገብ ትቆማለች። ሹፌሩ ናፍታሊ የሚባል ሽማግሌ ነው።

«የትኛውን መንገድ ነው የምትይዘው?» አለችው።

«እመቤቴ፣ የያዝኩት ሽንት ነው።»

«የኔ ነው። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ሦስቱም ንጹሕ ሆኖ መጣ። ዓባይነሽ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቷን ማየት ነበር።

የቀረው ኮሚቴው ነው። ኩላሊቱ ሳይነካ በፊት ሦስት ሰዎች ሰጪውን ብቻውን ያነጋግራሉ፤ ተገዶ ወይም ሸጦ እንዳይሆን። ለዚህ ቀዶ ሕክምናው ወደሚደረግበት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ሰብሳቢዋ ባለ አጭር ፀጉር ሴት ፋይሉን ስታገላብጥ እንቁላሉ ላይ ደረሰች። ቅንድቧ ተነሣ።

«አታምኚንም ማለት ነው።»

«አላምናችሁም።»

«ሳታምኚን እንዴት ትተኚልናለሽ?»

«እኔ እስካምናችሁ ድረስ ወንድሜ አይቆይልኝም» አለች። «ስለዚህ ልጠይቅ። ማን ያወጣዋል? ማን ይዞት ይሄዳል? ስንት በር ያልፋል? እኔ ተኝቼ፣ እሱ ተኝቶ፣ መግባቱን ማን ያያል?»

ከሦስቱ አንዱ፣ ቀዶ ሐኪም የሆነው፣ ብዕሩን አወጣ። ሁለት ክፍል ሣለ፣ በመካከል አንድ በር። የሚያወጣውን ሰው ስም፣ የሚተክለውን ሰው ስም ጻፈ። «በማግስቱ» አላት «በተሽከርካሪ ወንበር ወንድምሽ አልጋ ድረስ እንወስድሻለን። በአልትራሳውንድ ኩላሊቱን እናሳይሻለን፤ ደም ሲገባበትና ሲወጣበት ራስሽ ታያለሽ።»

«ይህን ፋይሉ ላይ ጻፍልኝ።»

ሐኪሙ ሰብሳቢዋን አየ። ሰብሳቢዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጻፈው። ዓባይነሽ አነበበችው፤ በመነጽርም፣ ያለ መነጽርም። ፈረመች።

ቀኑ ሲቆረጥ ዓባይነሽ አሽዶድ፣ ዲያሊዛው አዳራሽ ሄደች። ስዩም ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል፤ ደሙ ከአንገቱ በቱቦ እየወጣ ማሽኑ ውስጥ ይዞራል።

«ማክሰኞ ነው» አለችው። «ከሰኞ ማታ ጀምሮ ሁለታችንም አንበላም።»

ስዩም ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልተሰማም።

«ጋሼ፣ ሌላም የምነግርህ አለ።»

ነገረችው። ነገሩ ሲነገር አጭር ነው፤ አንድ እንቁላል፣ አንድ ማንኪያ። ስዩም አንገቱ ላይ ያለውን ቱቦ በጣቱ ነካ።

«አንገቴ የተበሳው በእንቁላል ነው በይኛ።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ላንቺ ጤና ስጸልይ ነበር።»

«አውቃለሁ። ስደበኝ።»

አልሰደባትም። ፊቱን ወደ ማሽኑ መለሰ። እሷም ዓይኗ መሬት ላይ እንደቀረ ቆመች። ከጎን ያለው በሽተኛ የተኛ መስሎ ጆሮውን ሰጥቷቸዋል።

«እኔም ሰጥቼ ነበር» አለ ስዩም።

«ምን?»

«ደም። ያኔ ወደብ ስሠራ፣ መኪና ይዘው መጥተው። ሁለት ጊዜ። አልነገርኳችሁም፤ ምኑ ይነገራል?»

ዓባይነሽ ዓይኗን አነሣች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ደምህን ሙሉ እያወጡ ሲወስዱት እንዴት አመንካቸው?»

«ማን አመንኩ አለሽ?» አለ ስዩም። «ሌላው ይተኛል፣ ቴሌቪዥን ያያል። እኔ ቱቦዋን ነው እማይ። በዚህ የወጣችው በዚያ እስክትመለስ።»

ሦስት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት። ዓባይነሽ ወንበር ጎትታ አመጣች፤ ቱቦው በሚታይበት በኩል አስቀምጣ ተቀመጠች።

«አንተ ትንሽ ተኛ፣ ጋሼ» አለችው። «እኔ አያለሁ።»

ስዩም አያት፤ ቱቦውን አየ፤ እንደገና አያት። አልተኛም። እሷም ተኛ ብላ አልደገመችም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ያዩ ጀመር። ማሽኑ ሊጨርስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።